ያለ ማር ጠጅ አለን?

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ለጨዋታ ማሳመሪያ ብቻ የተነገረ አይመስለንም። ምሳሌ የነገርን ምሥጢር እንደሚገልጥ ሁሉ ብርሌም የጠጅን ጠባይ የሚገልጥ የመስተዋት ዕቃ ነው። አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ሰፊ፣ ገላው ጥርት ያለ ስለ ሆነ የተቀዳበትን ከጠጪው ዓይን አይሰውርም። የቀንድ ዋንጫ ይሰውራል፤ ብርሌ ግን አይሰውርም። እንግዲህ ጠጅን ለብርሌ የሰጡት ሰዎች፣ ጠጅ ብርሃንን የማይፈራ፣ ምንድን ነህ ተብሎ ቢጠየቅ የማያፍር መጠጥ ነው ማለታቸው ነበር ብንል ከእውነት እጅግ የራቅን አንሆንም።

ዛሬ ብርሌው በእጃችን ነው፤ ጠጁ ግን ወዴት ሄደ? በየከተማው ጠጅ ቤት ተብሎ ከሚጠራው ቤት ገብተን ስንቀመጥ በሚቀርብልን ብጫ መጠጥ ውስጥ ማር ምን ያህል እንዳለበት፣ ወይም ጭራሹን እንደሌለበት የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ይህን ጥያቄ ለራሳችንም ለአንባብያንም ማቅረብ የወደድነው በቡሬ ገበያ ያየነው ነገር ስላሳሰበን ነው።

ቡሬ በኢሉባቦር ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእርሷ አልፎ መንገዱ ወደ ባሮ ቆላ ይወርዳል። ዙሪያዋ ደን ነው፤ ደኑም የቡናና የንብ ቤት ነው። በገበያው ቀን አንድ ገበሬ ከረጅም ዛፍ ላይ ያወረደውን ማር በባልዲ ይዞ፣ አፉን በኮባ ቅጠል ሸፍኖ፣ ከጧት ጀምሮ ቆሞ አየነው። ቀማሽ ብዙ ነበር፤ ገዢ ግን ጥቂት ነበር። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የቀረውን ማር ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በዚያው መንገድ ላይ የስኳር ከረጢት የጫነ ጋሪ ወደ አንድ ጠጅ ቤት ጓሮ ሲገባ ተመለከትን። ማሩ ከገበያ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ስኳሩ ወደ ጠጅ ቤት ይገባል! ይህ ንብ በማይረባበት በረሓ የሆነ ነገር ቢሆን ባልደነቀን ነበር። በማር አገር መካከል መሆኑ ግን ዝም ብለን እንድናልፈው አላስቻለን።

አንዳንድ ወጣት አንባቢ «ጠጅ ከስኳር ቢሠራ ምን ክፋት አለው? ሁለቱም ጣፋጭ አይደሉምን?» ይል ይሆናል። ስለዚህ አስቀድመን ጠጅ ምን እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባናል። የኢሉባቦር ሰው በኦሮምኛ ዳዲ የሚለው፣ እኛም ጠጅ የምንለው መጠጥ፣ ማርና ውሃ ጌሾም ይበቁታል። ባለሙያዪቱ አስቀድማ ጋኑን በመራራ ቅጠል አሽታ ታጥባለች፤ በወይራ ጭስም ታጥናለች። ከዚያ በኋላ አንድ እጅ ማር ከሦስት ወይም ከአራት እጅ ውሃ ጋር ትበጠብጣለች፤ እንደ ቤቱ ልማድና እንደ ማሩ ጥራት መጠኑ ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ጋኑ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ጥቂት ቀን ሲቆይ ከማሩ ጋር የገባው ሰምና ቆሻሻ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ይህም ሰፈፍ ይባላል፤ ተገፎም ይወጣል። ቀጥሎ የተከተከተው የጌሾ እንጨት ከቅጠሉ ጋር ከብርዙ በተቀነሰ ጥቂት ፈሳሽ ተቀቅሎ፣ ሲበርድ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መማሰልና መጠባበቅ ነው። በቆላ ቶሎ ይደርሳል፤ በደጋ ይዘገያል። በመጨረሻ ተጠልሎ ይቀዳል፤ በታች የሚቀረውም አምቡላ ይባላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የሚያስደንቀው፣ እርሾ ከውጭ የማይጨመርበት መሆኑ ነው። ከማሩና ከጌሾው፣ ብዙ ዘመን ካገለገለውም ጋን የሚመጡ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕዋሳት ጣፋጩን ወደ አልኮል ይለውጡታል። ጌሾውም ምሬቱን ሰጥቶ ጣፋጩን ይገራዋል። ጠጅ ጣይዋ ይህን በትምህርት ቤት አልተማረችውም፤ ነገር ግን ጆሮዋን ወደ ጋኑ አስጠግታ ድምፁን ሰምታ፣ ሽታውን በአፍንጫዋ መርምራ፣ ዛሬ ይጠለል ወይስ ይቆይ የምትለውን ታውቃለች። ይህ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ መጽሐፍ ያልተጻፈለት ስለ ሆነ ብቻ ዕውቀት አይደለም ልንለው አንችልም።

የመጥመቁን ያህል ማጣጣሙም ወግ ነበረው። ዐዋቂ ጠጪ ብርሌውን በአንገቱ ይዞ በመጀመሪያ ወደ ብርሃን ያነሣዋል። ቀጥሎ ያሸተዋል፤ የወይራውን ጭስና የአበባውን መዓዛ ለይቶ ያውቃል። ሲቀምሰውም ጣፋጩ ይቀድማል፤ ኮምጠጥ ያለው ይከተላል፤ የጌሾው ምሬት በምላስ ሥር ይዘገያል። የስኳሩ መጠጥ ግን ጣፋጩን ሰጥቶ ሲያበቃ ተከታይ የለውም፤ በር አንኳኩቶ እንደሚሸሽ ልጅ ነው። በቀድሞው ዘመን ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከመስጠቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ አንቆርቁሮ ይቀምስ ነበር። ይህ ልማድ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት የተሠራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በውስጡ ሌላም ቁም ነገር ነበረው። የሚያቀርበው ሰው ስለሚያቀርበው ነገር በገዛ መዳፉ ይመሰክር ነበር። ዛሬ በመዳፉ የሚመሰክርልን ማን ነው?

የአገራችን ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ ጠጅ ቤቶች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ጠጅ ከቤት ወደ ቤት ብቻ ሳይሆን በአንዱ ቤት ውስጥ እንኳ ከአንዱ ጊዜ ወደ ሌላው እንደሚለያይ አስረድተዋል። በስኳር የተሠራው መጠጥ የማርን መልክ እንዲይዝ ብጫ ማቅለሚያ እንደሚጨመርበትም የታወቀ ነው። በዚህ ነገር ላይ በቡሬ ያነጋገርናቸው አንዲት ጠጅ ጣይ እናት የነገሩን ቃል ከልባችን አልጠፋም። «ልጆቼ፣» አሉን፤ «የጌተም አበባ ማር ነጭ ነው፤ ከእርሱ የጣልሁትን ባቀርብ ደንበኛው መልኩን አይቶ ‹ውሃ ጨምረሽበታል› ይለኛል። ከጎረቤቴ ቤት ሄዶ ግን ቀለም የገባበትን ሳይቀምስ ያመሰግናል። እኔ ማሩን በውድ ገዝቼ ሐሰተኛ ተባልሁ፤ ሌላዋ ስኳሩን ገዝታ እውነተኛ ተባለች።»

ይህን ቃል ከሰማን በኋላ ጥፋቱን ሁሉ በጠጅ ጣዮች ላይ ለመጫን ድፍረት አጣን። ስኳር የሚጨምሩት ሴቶች ብዙዎቹ በዚህ ንግድ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸው። መልኩን እንጂ ጣዕሙን የማንመረምር፣ ዋጋው እንዲረክስ እንጂ ሥራው እንዲታመን የማንሻ እኛ ገዢዎች ነን ወደዚህ መንገድ የገፋናቸው። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይባላል፤ እኛ ግን ስኳር እየሰፈሩልን ስለ ማር እንናገራለን።

ነገሩ የጣዕም ነገር ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላሰፋነው ነበር። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ቀዳሚ ናት፤ ከዚህም ማር ብዙው እጅ የሚገባው ወደ ጠጅ ጋን ነው። ከጋኑ ላይ የሚገፈፈው ሰፈፍ ተሰብስቦና ቀልጦ ሰም ይሆናል፤ ሰሙም ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ከመሆኑ በላይ ወደ ውጭ አገር ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ከተፈቀደ በኋላ፣ የኢሉባቦር ቡናና ሰም ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላም በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። ስለዚህ ጠጅ ጣይዋ ለአካባቢዋ ሰው መጠጥ ስታዘጋጅ፣ ሳታውቀው ለሩቅ ገበያ ሰም ታዘጋጅ ነበር ማለት ነው። ስኳር ግን ሰፈፍ የለውም። በስኳር በተሞላው ጋን ላይ የሚንሳፈፍ ሰም ከየት ይመጣል?

ከዚህም የሚብስ አለ። በኢሉባቦር ንብ አርቢው ቀፎውን የሚሰቅለው በደኑ ውስጥ በሚገኙት ትልልቅ ዛፎች ላይ ነው። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት ያለው ዛፍ ነው፤ መጥረቢያ ይዞ የሚመጣውን ሰው «ተው፣ ቀፎዬ አለበት» የሚለው ይገኛል። ማሩ ገዢ ሲያጣ ግን ቀፎው ይወርዳል፤ ቀፎው ከወረደ ዛፉ ጠበቃ የለውም። በዚሁ በኢሉባቦር የሚገኘው የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ደን በምዝገባ ብቻ አይጠበቅም፤ ከደኑ የሚኖረው ሰው ጥቅም ሲያገኝበት ነው የሚጠብቀው። በጠጅ ቤት ተቀምጠን የምናነሣው ብርሌ ከዚያ ዛፍ ጋር በቀጭን ክር የተያያዘ መሆኑን ብናስተውል፣ ምን እንዳለበት መጠየቅ ከንቱ ጥያቄ እንዳልሆነ ይገባን ነበር።

በዚህ አሳባችን ላይ ሦስት ዓይነት ተቃዋሚዎች እንደሚነሡብን እናውቃለን። የመጀመሪያዎቹ «ማር ተወድዷል፤ ድኻው የሚጠጣው የረከሰውን ነው፤ ስኳሩን ከከለከላችሁ ድኻውን መከልከላችሁ ነው» የሚሉ ናቸው። ለእነዚህ የምንመልሰው፣ እኛ ስኳር ይከልከል አላልንም፤ ስሙ ይነገር ነው ያልነው። በርካሽ ዋጋ የስኳር መጠጥ የሚገዛ ሰው አልተበደለም። የተበደለው የማር ነው ተብሎ ስኳር የሚጠጣው ሰው ነው። ድኻ ስለ ሆነ ሐሰት ይበቃዋል ማለት ለድኻ ማዘን አይደለም።

ሁለተኛዎቹ፣ እኛ የምንሠራባቸውን ቢሮዎች ጭምር የሚመለከቱ ናቸው። እነርሱ «ጠጅ የባላገር መጠጥ ነው፤ ለተከበረ እንግዳ የሚገባው የታሸገ ጠርሙስ ነው» ይላሉ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግብዣ ላይ ተገኝተን ጠረጴዛው ከባሕር ማዶ በመጡ ጠርሙሶች ተሞልቶ አይተናል። ከውጭ የመጣ አንድ እንግዳ ስለ ማር መጠጣችን በመጽሐፍ አንብቦ ኖሮ «ጠጅ የሚባለው የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እርስ በርሳችን ተያየን። ተሯሩጦ የመጣለት ብርሌም እንግዳው ጥቂት ቀምሶ በትሕትና ያስቀመጠው ነበር። ያፈርነው በጠጅ አይደለም፤ ጠጅ ባለመሆኑ ነው።

የገዛ መጠጥን ማክበር ኋላ ቀርነት ነው የሚሉ ሰዎች ጃፓንን ይመልከቱ። ባቡርና መርከብ፣ ልዩ ልዩ መኪናም በመሥራት ከዓለም ፊተኞች ከሆኑት ሕዝቦች አንዱ የጃፓን ሕዝብ ነው። ይህ ሕዝብ ከሩዝ የሚጠምቀውን ሳኬ የተባለ መጠጥ አልጣለውም። ሩዙ ተፈትጎ፣ ታጥቦና ተዘፍዝፎ በእንፋሎት ይበስላል። ከፊሉ ላይ ኮጂ የሚሉት ሻጋታ እንዲበቅልበት ይደረጋል። ሻጋታው የሩዙን ገንቦ ወደ ጣፋጭነት ሲለውጥ፣ እርሾው በዚያው በርሜል፣ በዚያው ጊዜ ጣፋጩን ወደ አልኮል ይለውጣል። የጠማቂዎቹ አለቃ ቶጂ ይባላል፤ በክረምቱ ብርድ ሌሊት እየተነሣ ሥራውን የሚጠብቅ የተከበረ ባለሙያ ነው። መንግሥታቸውም እ.ኤ.አ. በ1904 ስለ መጥመቅ የሚመራመር ተቋም አቁሟል፤ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮም ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣው አዲስ ሳኬ የሚመዘንበት ብሔራዊ ውድድር ተከፍቷል።

እኛ ዛሬ የገባንበት ችግር በእነርሱም ላይ ደርሶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሩዝ ስላነሰ፣ በሳኬው ላይ አልኮልና ጣፋጭ ነገር እየጨመሩ አንዱን ሦስት አድርገው ይሸጡ ነበር። ሩዙ ከተትረፈረፈም በኋላ ይህ ልማድ ቶሎ አልለቀቀም። ነገር ግን ኋላ ስሞቹን ለዩ። እ.ኤ.አ. በ1989 መንግሥታቸው ባወጣውና በሚከተለው ዓመት በሥራ ላይ በዋለው ደንብ፣ አልኮል ያልተጨመረበትና ከሩዝ፣ ከኮጂና ከውሃ ብቻ የተሠራው ጁንማይ ተብሎ እንዲጠራ ተወሰነ። ሩዙ ተፈትጎ ከመቶ 60 ወይም ከዚያ በታች ሲቀር ጊንጆ፣ ከመቶ 50 ወይም ከዚያ በታች ሲቀር ዳይጊንጆ የሚባለውን ስም ለማግኘት በቃ። ጠጪውም የሚከፍልበትን ነገር በጠርሙሱ ላይ አንብቦ ማወቅ ቻለ። በመጨረሻም ይህ በኮጂ የመጥመቅ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2024 ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል በዩኔስኮ ተመዘገበ። መጠጣቸውን ያስከበረው ማስታወቂያ ሳይሆን የታመነ ስም መሆኑን ልብ እንበል።

ይሁን እንጂ የሌላውን መልካም ስናይ ጥፋቱን አብረን እንዳንቀዳ መጠንቀቅ አለብን። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1899 ግብሩ እንዳይጓደል ብለው ሰው በቤቱ እንዳይጠምቅ ከለከሉ፤ በየቤቱ የነበረውም የመጥመቅ ልማድ በዚህ ተዳከመ። በእኛ አገር ጠጅ በሴቶች እጅ ነው፤ በጓሮ፣ በጥቂት ጋን፣ በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ ነው። ጠጅን እናሻሽላለን ብለን ለትልልቅ ባለ ገንዘቦች ብቻ ብንሰጠውና እነዚያን እናቶች ከጋናቸው ብንለያቸው፣ ጠጁን አድነን ባለሙያዋን ገደልን ማለት ነው። የምንሻው ስሙ የታመነ እንዲሆን እንጂ ከባለቤቶቹ እንዲነጠቅ አይደለም።

ሦስተኛዎቹ ተቃዋሚዎች «በተከበረ መጽሔት ስለ መጠጥ መጻፍ ስካርን ማበረታታት ነው» የሚሉ ናቸው። አሳባቸው ከደግ ልብ የመነጨ ስለ ሆነ በአክብሮት እንመልስላቸዋለን። ስካር ቤትን የሚያፈርስ፣ ደመወዝን የሚበላ ክፉ ነገር መሆኑን ከማንም ይልቅ በወር መጨረሻ የምናውቀው እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ነን። ነገር ግን የሚሰክር ሰው ምን እንደሚጠጣ አይጠይቅም፤ የሚጠይቅ ሰው ግን ቀስ ብሎ፣ ጥቂት ይጠጣል። በሃይማኖቱ ወይም በፈቃዱ አልኮል የማይጠጣውም ወገናችን ቢሆን ብርዙን ይጠጣል፤ ማሩንም ያመርታል። በማር ስም ስኳር ሲሸጥ የእርሱም ቀፎ አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ነገሩ የጠጪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ስሙ ይለይ። ማር፣ ውሃና ጌሾ ብቻ የገቡበት «የማር ጠጅ» ይባል፤ ማርና ስኳር የተቀላቀሉበት «ቅይጥ» ይባል፤ ማር የሌለበት ደግሞ ጠጅ የሚለውን ስም ትቶ በራሱ ስም ይሸጥ። የደረጃና የንግድ ጉዳይ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ይህን ልዩነት ያጽኑት። ደንቡም በመዝገብ ቤት ታስሮ እንዳይቀር በየጠጅ ቤቱ ግድግዳ ላይ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬና በሌሎቹም የኢሉባቦር ከተሞች በዓመት አንድ ቀን የጠጅ መመዘኛ ቀን ይቁም። ጋኖቹ ስም ሳይሆን ቍጥር ይጻፍባቸው፤ መዛኞቹም ሸምገል ያሉ ባለሙያ እናቶች ይሁኑ። ያን ጊዜ የነጩ ማር ጠጅ በመልኩ ሳይሆን በጣዕሙ ይፈረድለታል። ሦስተኛ፣ መምህራን ስለ እርሾና ስለ መፍላት ሲያስተምሩ ምሳሌያቸውን ከሩቅ አገር ፋብሪካ ብቻ አያምጡ፤ ተማሪው በእናቱ ጓዳ ያለውን ጋን የሳይንስ ዕቃ መሆኑን ይወቅ። ያን ያወቀ ልጅ ከእናቱ ጠይቆ በደብተሩ ቢጽፍ፣ እስከ ዛሬ ያልተጻፈው መጽሐፍ ይጀመራል።

አራተኛውና የመጨረሻው ለእኛ ለራሳችን ነው። ደንብ እስኪወጣ መጠበቅ የማያስፈልገው ሥራ አለ። በሚቀጥለው ግብዣ ላይ የመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ አንድ ጋን የማር ጠጅ፣ ለማይጠጣውም አንድ ማሰሮ ብርዝ ይቅረብበት። ጠጅ ቤት ስንገባም አሳላፊውን «ማሩ የየት አገር ነው?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ሲደጋገም መልስ መፈለጉ አይቀርም፤ መልስ የሚፈልገው ሰውም ያን በቡሬ ገበያ ቆሞ የዋለውን ገበሬ ፈልጎ ያገኘዋል።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላሉ። የጠጅ ስም ዛሬ ተጭሯል እንጂ ገና አልነቃም። የነቃ እንደ ሆነ ግን ማን ይጠግነዋል? ነጩን ማር ይዘው ሐሰተኛ የተባሉት እናት ገና ጋናቸውን አልደፉም፤ ገበሬውም ቀፎውን ገና አላወረደም። ጊዜው ሳያልፍ ብርሌውን ወደ ብርሃን አንሥተን ውስጡን እንመልከት።